የክትባት ጕዳት ካሣ

የክትባት ጕዳት ካሣ የሚባለው፥ ለሕዝብ ጤና ሲባል ከሚሰጥ ክትባት የተነሣ ለተጐዱ ሰዎች ወይም ሰው ለሞተባቸው ቤተሰቦች፥ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ማስረዳት ሳይጠበቅባቸው፥ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወይም ለዚሁ ተለይቶ ከተቋቋመ የጋራ ሣጥን የሚከፈል ዋጋ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ክትባት በሰውነት ላይ አንዳንድ ምልክት ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ሕፃኑ በተከተበበት ሌሊት ያተኵሰዋል፥ ይነጫነጫል፥ መርፌው ያረፈበት ጭኑ ያብጣል፤ እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የተወጋበት ክንዱም ከሳምንታት በኋላ ቈስሎ ይሽርና፥ በአገራችን ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚኖረውን ያን ትንሽ ጠባሳ ትቶ ያልፋል። ይህ ሁሉ ሰውነት ደዌውን መመከት እየለመደ መሆኑን የሚያሳይ እንጂ ካሣ የሚጠየቅበት ጕዳት አይደለም። ጕዳት የሚባለው እጅግ ጥቂት በሆኑ ልጆች ላይ የሚደርሰው ብርቱ ነገር ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊዮን ክትባት አንድ ጊዜ ያህል የሚያጋጥመው ትንፋሽ የሚያሳጥር የአለርጂ መቈጣት፥ ወይም በአፍ በሚንጠባጠበው የፖሊዮ ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ኀይሉን መልሶ ሲያገኝ፥ ከጥቂት ሚሊዮን ጠብታ አንድ ጊዜ ያህል የሚያስከትለው ልምሻ ነው።

የነገሩ ክብደት በገሃድ የታየው በ1955 በአሜሪካ ነው። የዶክተር ዮናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባት አዳኝነት በታላቅ ደስታ በታወጀ በሁለት ሳምንት ውስጥ፥ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የከተር ላቦራቶሪ ያወጣው ክትባት በፎርማሊን ፈጽሞ ያልሞተ ቫይረስ ይዞ ተገኘ፤ 40 ሺህ ያህል ልጆች በመጠኑ ሲታመሙ፥ ከተከተቡትና ከእነርሱ ከተጋባባቸው መካከል 200 ያህሉ ሽባ ሆኑ፥ 10 ሰዎችም ሞቱ። ሽባነቱ በብዙዎቹ ልጆች ላይ የጀመረው መርፌው ባረፈበት ክንድ ነበር፤ እናት ልጄን ከዚህ ደዌ ላድን ብላ እጅጌውን ሰብስባ ለሐኪሙ የሰጠችው ያው ክንድ መሆኑን ማሰብ ዛሬም ለልብ ይከብዳል። በ1958 ጉዳዩን የተመለከቱት የሕዝብ ዳኞች፥ ኩባንያው በጊዜው በታወቀው ሥርዐት ሠርቷልና ቸልተኛ አልነበረም፥ ነገር ግን ከደዌ ይጠብቃል ብሎ የሸጠው ክትባት ደዌውን ራሱን አምጥቷልና ሊከፍል ይገባዋል ብለው ፈረዱ። ዕዳ ያለ ጥፋት ሊኖር እንደሚችል የተናገረ ርቱዕ ፍርድ ነበር።

በጀርመን ደግሞ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1953፥ በግዴታ የፈንጣጣ ክትባት የተጐዳ ሰው ሰውነቱን ለሁሉ ደኅንነት መሥዋዕት አድርጎ እንደ ሰጠ ይቈጠራልና መንግሥት ሊክሰው ይገባል አለ፤ ይኸውም በ1961 በሕግ ጸና። በብሪታንያ በ1979 የወጣው ሕግ በአንድ ጊዜ 10 ሺህ ፓውንድ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ 120 ሺህ ደርሷል፤ ሆኖም ጕዳቱ ከመቶ 60 ካልሞላ ምንም አይከፈልምና፥ ከመቶ 55 የተጐዳ ልጅ እናት ባዶ እጅዋን ትመለሳለች፤ ይህም በዚህ ጸሐፊ ዘንድ ፍትሕ የጐደለው ነው።

ሰፊ ከሆኑት ሥርዐቶች አንዱ በአሜሪካ በ1986 የታወጀው ነው። በትክትክ ክትባት የተነሣ ክስ በዝቶባቸው አምራቾች ሥራውን ሲተዉ፥ የክትባት እጥረት እንዳይመጣ ምክር ቤቱ ፈርቶ፥ እያንዳንዱ ክትባት በሚከላከለው በሽታ ቍጥር ቀረጥ (ዛሬ 75 ሳንቲም) እየተከፈለበት የሚሞላ ሣጥን አቋቋመ። ቤተሰቡ አቤቱታውን በዋሽንግተን ላለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ በሕጉ ሠንጠረዥ የተጻፈው ጕዳት በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ከታየ፥ ለምሳሌ ብርቱው የአለርጂ መቈጣት በአራት ሰዓት ውስጥ ከመጣ፥ ምክንያቱ ክትባቱ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ከሠንጠረዡ ውጭ የሆነውን ግን በሐኪም ምስክርነት ማስረዳት ግድ ነው። አቤቱታው በቅን ልቡናና በበቂ ምክንያት የቀረበ ከሆነ፥ ቤተሰቡ ቢረታም እንኳ የጠበቃው ዋጋ ከሣጥኑ ይከፈላል፤ ድኻ አቤት እንዲል ያስቻለው ይህ ነው። ክትባቱ የተሰጠው በዚያ አገር ከሆነ ዜግነት አይጠየቅምና፥ በዋሽንግተንና በሚኒሶታ የሚኖሩ የአገራችን ልጆችም ይህ መብት አላቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ምልክት ከታየ ሦስት ዓመት ካለፈ በሩ ይዘጋል። እስካሁን የተከፈለው ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፥ ለሥቃይ የሚሰጠው ከፍተኛው ካሣ 250 ሺህ ዶላር ተብሎ በ1986 እንደ ተወሰነ ሳይነካ መቅረቱ ያሳዝናል። ክትባት ኦቲዝምን ያመጣል ተብሎ በሺህ የሚቈጠሩ ወላጆች ያቀረቡትን ክርክር ያው ፍርድ ቤት ማስረጃውን በረጅሙ መርምሮ በ2009 ሳይቀበለው ቀርቷል።

በ1980 መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረባት ኢትዮጵያ ከዚህ ዓይነቱ ሥርዐት ጋር የተገናኘችው በ2021 ነው፤ በዚያ ዓመት ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል የኮሮና ክትባት ለሚቀበሉ 92 አገሮች የካሣ ሣጥን ሲቋቋም እርስዋም ከእነርሱ መካከል ነበረች፤ ለሕፃናቱ የሚሰጡት የኩፍኝ፥ የፖሊዮና የትክትክ ክትባቶች ግን በዚያ ውስጥ አልተጨመሩም።