ሠራተኛው የመረጣቸው ሰዎች

ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የነገሥታትና የጦር አለቆች ስም ነው። በላቡ የሚያድር ሰው ግን፥ ጓደኞቹ መርጠውት ስለ እነርሱ የተናገረ እንደ ሆነ፥ እርሱም የአገር ታሪክ ባለቤት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር መሪዎች በደርግ ዘመን የደረሰባቸውን በአጭሩ ልንጽፍ አሰብን።

ማኅበሩ የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. ነው። በጊዜው ሕጉ በአንድ ድርጅት ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ 50 ሠራተኞች እንዲገኙ ይጠይቅ ስለ ነበር፥ እኛ በምንኖርበት በቢታ ገነትና በቀረው የካፋ አገር፥ በየጫካው ተበትኖ ቡና ለሚለቅመው የቀን ሠራተኛ መደራጀት አዳጋች ነበር። ማኅበሩ የጸናው በፋብሪካና በመጓጓዣ ሠራተኞች ነው። ኀይሉም የታወቀው ከየካቲት 28 ቀን እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ነው። ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰንና የሠራተኛ ሕግ እንዲሻሻል ጠየቀ፤ መንግሥትም ለመደራደር ተገደደ።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን በያዘ በጥቂት ቀን ውስጥ፥ የማኅበሩ ጉባኤ አስተዳደሩ ለሕዝባዊ ጊዜያዊ መንግሥት እንዲተላለፍ ጠየቀ። መልሱ እስራት ሆነ። ፕሬዚዳንቱ አቶ በየነ ሰሎሞንና ዋና ጸሐፊው አቶ ፍሥሐ ጽዮን ተኬ በዚያው ወር ተያዙ።

ነገሩን የሚያስደንቀው፥ ያው መንግሥት በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሶሻሊዝምን ማወጁና በሠራተኛው ስም መናገሩ ነው። በመስከረም 1968 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የማኅበሩን ወረቀት በሚያድሉ ሠራተኞች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅም ተከተለ። ማኅበሩ ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ሥር የሚመራ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ።

እንግዲህ ምክንያቱን ስንመረምር፥ መሪዎቹ የተጠሉት ሠራተኛውን በመበደላቸው እንዳልሆነ እንረዳለን። ጥፋታቸው በሠራተኛው መመረጣቸው ነው። ማንም ሳይመርጠው በሕዝብ ስም የሚናገር ኀይል፥ ሕዝብ የመረጠውን ሰው ጎኑ ሊያቆም አይወድምና። መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፥ «ስለ ሠራተኛው» የሚል ቃል በሰማችሁ ጊዜ፥ ሠራተኛው ራሱ ማንን እንደ መረጠ ጠይቁ።