ኮቫልስኪ፤ ስለ አንድ የፖላንድ የቤተ ሰብ ስም አመጣጥ፥ ትርጕምና መስፋፋት

በፖላንድ አገር ሰዎች ማንነቱ ተለይቶ ያልታወቀውን፥ ከብዙው ሕዝብ አንዱ የሆነውን ሰው ሊጠቅሱ ሲሹ «ያን ኮቫልስኪ» ይሉታል፤ እኛ «እገሌ» እንደምንለው ማለት ነው። «ያን» ዮሐንስ የሚለው ስም በፖልኛ ሲነገር ነው፤ «ኮቫልስኪ» ግን የቤተ ሰብ ስም ሲሆን ከሞላ ጐደል «የብረት ሠሪው» ተብሎ ይተረጐማል። ይህ ስም ዛሬ የተራው ሰው ምልክት ይሁን እንጂ፥ በመጨረሻው ላይ ያለው «ስኪ» የተባለው ቅጥያ በአንድ ዘመን የመኳንንት መለያ ነበር። ብረት ሠሪና መኰንን በአንድ ስም ውስጥ እንዴት ተገናኙ? የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመርመር ነው። በውስጧ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የስሙ ሥር «ኮቫል» ነው። ኮቫል በፖልኛ ብረት ሠሪ ማለት ሲሆን፥ የተገኘውም መቀጥቀጥን ከሚያመለክት የጥንት ስላቮች ግሥ ነው። ከዚሁ ሥር የዩክሬኖቹ ኮቫሌንኮና ኮቫልቹክ ወጥተዋል፤ የሀንጋሪ ሰዎችም ቋንቋቸው ከስላቮች ቋንቋ የተለየ ሳለ ቃሉን ተውሰው «ኮቫች» የተባለውን ስም አበጅተዋል። «ስኪ» ደግሞ ስምን ወደ ቅጽል የሚለውጥ ቅጥያ ነው። እኛ ከጐንደር «ጐንደሬ»፥ ከጐጃም «ጐጃሜ» እንደምንል፥ የፖላንድ ሰዎችም ታርኑፍ ከተባለው ከተማ «ታርኖፍስኪ» ይላሉ። ስሙ ቅጽል በመሆኑም እንደ ባለቤቱ ጾታና ቍጥር ይለወጣል፤ ወንዱ ኮቫልስኪ፥ ሴቲቱ ኮቫልስካ፥ ቤተ ሰቡ በጠቅላላው ኮቫልስጺ ይባላል። በእኛ ልማድ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ ሁለተኛው ስም በየትውልዱ ይለዋወጣል፤ የፖላንዱ የቤተ ሰብ ስም ግን ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል።

እንግዲህ ይህን ስም የተሸከመ ሁሉ የብረት ሠሪ ዘር ነው ማለት ይገባልን? አይገባም። ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ድረስ የፒያስት ሥርወ መንግሥት መሳፍንት ለቤተ መንግሥታቸውና ለሠራዊታቸው የሚያስፈልገውን ዕቃ የሚያቀርቡ ሠራተኞችን በየመንደሩ ያሰፍሩ ነበር። መንደሮቹም በነዋሪዎቻቸው ሙያ ተጠሩ፤ ሽቺትኒኪ የጋሻ ሠሪዎች፥ ፒዬካሪ የዳቦ ጋጋሪዎች፥ ኮቫሌ የብረት ሠሪዎች መንደር ነበረ። ኩያቪያ በተባለው አውራጃም ኮቫል የሚባል ከተማ አለ፤ ከ1333 እስከ 1370 የነገሠው ታላቁ ካዚሚር የተወለደው በዚሁ ከተማ በ1310 ሚያዝያ 30 ቀን ነው። ስለዚህ አንዱ ኮቫልስኪ የብረት ሠሪ ልጅ፥ ሁለተኛው ኮቫል ወይም ኮቫሌ ከተባለ ስፍራ የመጣ፥ ሦስተኛው ደግሞ አያቱ «ኮቫል» ብቻ ይባል የነበረና በኋላ «ስኪ»ን የጨመረ ሊሆን ይችላል። ስማቸው አንድ ቢሆንም ዘራቸው አንድ አይደለም።

ስለ ሙያው ክብርም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በእኛ አገር «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ መኖሩን፥ ዳግማዊ ምኒልክም ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1908 በዐዋጅ መከልከላቸውን የሚያስታውስ አንባቢ፥ የብረት ሠሪ ስም ይህን ያህል መስፋፋቱ ሊያስደንቀው ይችላል። በፖላንድ መንደር ግን ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራው፥ ለፈረስ ሰኰናም ብረት የሚመታው ኮቫል ለሁሉ የሚያስፈልግ ሰው ነበር። በዚያ አገር ትልቁ የንቀት ወሰን የተሠመረው በመኳንንትና በገባር መካከል ነው። የስማችንም ክርክር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

የፖላንድ መኳንንት በመጀመሪያ «ያን የታርኑፉ» እየተባሉ በርስታቸው ስም ይጠሩ ነበር። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ይህ አጠራር እያጠረ «ያን ታርኖፍስኪ» ወደሚለው ተለወጠ፤ ከ1488 እስከ 1561 የኖረው ስመ ጥሩ የጦር አዛዥ በዚህ ስም ይታወቃል። ስለዚህ «ስኪ» የቅጽል ምልክት ከመሆን አልፎ የርስትና የማዕረግ ምልክት ሆነ። የባላገሩ ስም ግን ኮቫል፥ ኮቫሊክ ወይም ኮቫልቺክ እንደ ሆነ ቀረ፤ የመጨረሻው የብረት ሠሪ ልጅ ወይም ደቀ መዝሙር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስምን አጥር ሊያግደው አልቻለም። ከከተማና ከገጠር ተነሥተው ሀብት ያገኙ ሰዎች በስማቸው ላይ «ስኪ»ን እየጨመሩ ወደ መኳንንቱ ተራ ይገቡ ጀመር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ በክራኮው አካባቢ ይኖር የነበረው መኰንን ቫሌርያን ኔካንዳ ትሬፕካ በዚህ ነገር እጅግ ተቈጣ። የተቈጣውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የመኰንንነት መብት የርስትና የሹመት መብት ነበርና። ስለዚህ ያለ መብታቸው መኳንንት ነን ብለዋል የሚላቸውን ወደ 2,500 የሚሆኑ ሰዎችን ስም እየመዘገበ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉም በላቲን «ሊቤር ካሞሩም»፥ የካሞች መጽሐፍ ተባለ። መኳንንቱ ራሳቸውን ከያፌት ዘር ሲቈጥሩ ገባሩን የካም ልጅ ይሉት ነበርና፥ የስሙ ምሥጢር ለኦሪት አንባቢ ግልጽ ነው። ትሬፕካ በ1640 ሞተ፤ መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ ቈይቶ የታተመው በ1963 ነው። ዛሬ ይህ መጽሐፍ ስም ለዋጮችን ከማሳፈር ይልቅ፥ በዚያ ዘመን ሰው ከወገን ወደ ወገን እንዴት ይሻገር እንደ ነበር ለታሪክ ተመራማሪዎች ምስክር ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ስሙን ያጸናው መዝገብ ነው። የትሬንት ጉባኤ በ1563 ጋብቻ በየደብሩ እንዲመዘገብ ካዘዘ ወዲህ፥ ከመኳንንቱ ውጭ ያለው ሰው ስምም በካህናት እጅ መጻፍ ጀመረ። ፖላንድ በ1772፥ በ1793ና በ1795 በሩሲያ፥ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ስትከፋፈል አዲሶቹ ገዢዎች ግብር ለመሰብሰብና ወታደር ለመመልመል የጸና የቤተ ሰብ ስም ፈለጉ። ኦስትሪያ በ1787 አይሁድ ሁሉ ቋሚ ስም እንዲይዙ አዘዘች፤ ኮቫልስኪ የሚባሉ የአይሁድ ቤተ ሰቦችም ይገኛሉ። ገባሩ በፕሩሲያ በ1807፥ በኦስትሪያ በ1848፥ በሩሲያ ሥር በነበረው ፖላንድ በ1864 ነፃ ለመውጣት ሕግ ሲወጣለት፥ «ስኪ» ያለው ስም የጌታና የገባር መለያ መሆኑ ቀስ በቀስ ቀረ። ነፃነቷን የመለሰችው ፖላንድ በ1921 ባወጣችው ሕገ መንግሥት የመኳንንትን ማዕረግና መብት ሻረች።

ስለ ስሙ ብዛት፥ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተቈጠረው መሠረት 38 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት ፖላንድ ኮቫልስኪና ኮቫልስካ የሚባሉት ወደ 140,000 ይደርሱ ነበር። በብዛት የሚቀድማቸው ኖቫክ ብቻ ነው፤ ትርጕሙም «አዲስ መጥ» ሲሆን ባለቤቶቹ ከ200,000 ያላነሱ ነበሩ። ኮቫልቺክም ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር ስሞች አንዱ ነው። በባሕር ማዶም ስሙ ታውቋል፤ ቴነሲ ዊሊያምስ በ1947 በቀረበው ተውኔቱ ለፖላንድ ተወላጁ አሜሪካዊ ስታንሊ ኮቫልስኪ የሚለውን ስም ሰጥቶታል።

በዚህ ስም የሚጠሩት ሰዎች አኗኗር ስሙ ከሙያም ከማዕረግም መለየቱን ያሳያል። ካቶሊካዊቷ መነኵሲት ፋውስቲና ኮቫልስካ በ1905 በመንደር ስትወለድ አባቷ አናጢና ገበሬ እንጂ ብረት ሠሪ አልነበረም፤ በ1938 ዐረፈች፥ በ2000ም ቅድስት ተብላ ታወጀች። ከ1889 እስከ 1948 የኖረው ታዴኡሽ ኮቫልስኪ ደግሞ በክራኮው ዩኒቨርሲቲ የቱርክና የዐረብ ቋንቋዎች ሊቅ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው፥ የስምን ትርጕም ከመዝገበ ቃላት ብቻ መፈለግ እንደማይበቃ ነው። መዝገበ ቃላቱ «የብረት ሠሪው» ብሎ ያቆማል፤ ሰዎች ስሙን ለመያዝ የደከሙትን፥ ሌሎችም ለመከልከል የጻፉትን የሚነግረን ግን ታሪክ ነው። ትሬፕካ ጥቂቶች ብቻ እንዲይዙት የተከራከረለት ቅጥያ፥ ዛሬ የፖላንድ ሰው ማንንም ሰው «ያን ኮቫልስኪ» ብሎ በጠራ ቍጥር ከብረት ሠሪው ስም ጋር አብሮ ይነገራል።