ራስ

ራስ ከሰውነት ክፍል ተነሥቶ ማዕረግ፣ የተራራ ስምና የእምነት መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰ የአማርኛ ቃል ነው። ምንጩ የግእዙ «ርእስ» ሲሆን የዕብራይስጡ ሮሽ ዘመዱ ነው። «ረ» የምንለው ፊደልም በግእዝ ስሙ ርእስ ነው። አማርኛ ሁለቱንም ቅርጾች ይዞ ሥራ አከፋፈላቸው፦ ለመጽሐፍና ለጋዜጣ ርእስ፣ ለአካል ራስ። ራስ ምታት፣ ራስ ቅል፣ የአልጋው ራስጌ ከዚህ ወጡ። «ራሱን ቻለ» ሲባል ደግሞ ቃሉ ሰውየውን በሙሉ ይወክላል። በሰሜን ደጋ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመው ተራራ፣ ራስ ደጀን፣ ስሙ በዚሁ ቃል ይጀምራል።

ማዕረጉ ከደጃዝማች በላይ፣ ከንጉሥ በታች ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ጎንደር ላይ ተገለበጠ። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ሌላ ንጉሥ አነገሡ፤ ዘመነ መሳፍንትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ ንጉሡ በግንቡ ውስጥ ዘውድ ጭኖ ይቀመጣል፤ ሿሚና ሻሪው ግን ራስ የተባለው ባለማዕረግ ነው። ከየጁ በወጡት ራሶች ዘመን ሥልጣኑ ጭራሽ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። የማዕረጉን ታሪክ ከዚህ ዘመን ነጥሎ ማንበብ አይቻልም። ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ የየጁውን ራስ ዓሊን ድል ሲነሡ ራሶች ንጉሥ የሚያነግሡበት ዘመን ወደ ማብቂያው ደረሰ። በጎንደር ከተማ የራስ ሚካኤል ስም የሚነሣበት ራስ ግንብ ዛሬም አለ።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ በጉዞ መጽሐፉ ማዕረጉን ሳይተረጉም «ራስ» ብሎ ጻፈው። ቃሉን በዓለም ያስተጋባው ግን ሌላ ራስ ነው። ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. ራስ ተባሉ፤ በ1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ የቀድሞ ስማቸውን የጃማይካ ድሆች አነሡት፣ እምነታቸውንም ራስተፈሪ አሉት። ቃሉ «ራስታ» ሆኖ ወደ አማርኛ ተመልሷል፤ የተገመደ ጠጉር ይጠራበታል።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱንና የመሳፍንት ማዕረጎችን ሻረ። ቃሉን ግን አልጣለውም፤ ያው መንግሥት በ1980 ዓ.ም. ኤርትራን፣ ትግራይን፣ ድሬዳዋን፣ አሰብንና ኦጋዴንን «ራስ ገዝ» ብሎ ሰየማቸው።