የአውሬዎች ሳቅ ያስደነገጠው ቤተ መንግሥት

ድምፅ አልባ ፊልም በነገሠበት ዘመን ስለነበሩ የኮሜዲ ሰዎች ሲወራ የሁሉም አፍ የሚቀናው ወደ ቻርሊ ቻፕሊን ነው። የእኛ አገር የኮሜዲ ጀማሪም የዚያው ዘመን ሰው መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ተጉለት ውስጥ ስያደብር በተባለው ስፍራ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር ወርደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ ከአድዋ ጦርነት በኋላም ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛነት ትምህርት ቀሰሙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያዘመቱት ግን መድፍ ሳይሆን ሳቅ ነበር። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘው ሥራቸው በዘመናዊ መልክ የተጻፈ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው። መነሻው የላፎንቴን ተረቶች ሲሆኑ፣ መኳንንቱ በተገኙበት አዲስ አበባ ተራስ ሆቴል ታየ።

ቻፕሊን በዝምታ የሸፈነውን ነቀፌታ ተክለ ሐዋርያት በአውሬ ቆዳ ሸፈኑት። በሰምና ወርቅ ያደገ ተመልካች ግን ወርቁን ለማግኘት አልተቸገረም፤ በመድረኩ ላይ ጉቦውን፣ አድልዎውንና የአስተዳደሩን ብልሽት አየ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፤ ቴአትርም እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ድረስ መድረክ አጣ። በሩ እንደገና ሲከፈት ግብረ ገብና የአገር ፍቅር ገነኑ፤ ባለሥልጣንን የሚነካው ሳቅ ግን ከደጅ ቀረ።

ምፀቱ ከዚህ ይጀምራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 ቻፕሊንን ተመልሶ እንዳይገባ ስትከለክለው፣ የእኛው መንግሥት ኮሜዲውን አግዶ ደራሲውን ለሥራ አስቀራቸው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማም በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱት እርሳቸው ናቸው። በአውሬ አንደበት ሹማምንትን የተሳለቀው ብዕር፣ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውንም የማይነካ የሚያደርግ ሕግ ጻፈ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ብሂል በአንቀጽ ሰፈረ ማለት ነው።

ተክለ ሐዋርያትም ቻፕሊንም እ.ኤ.አ. በ1977 አረፉ። አንደኛው የሳቀበትን ዓለም ዛሬም እናየዋለን፤ የሌላኛውን ተውኔት ግን ያነበበ ጥቂት ነው። በራሱ መሳቅ ያልለመደ ሥልጣን ስሕተቱን የሚያውቀው ዘግይቶ፣ ያውም ከሳቅ እጅግ በከበደ ዋጋ ነው። ይህን ለመረዳት ከእኛው ያለፈ መቶ ዓመት የተሻለ ምስክር ከወዴት ይመጣል?