«ጭንቅላት አለው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«እገሌ ጭንቅላት አለው»፣ «እገሊት ትምህርት አይገባትም» እየተባባልን እዚህ ደርሰናል። ቋንቋችን ግን ይኸን ያህል ችኩል አይደለም። ብልህ አለ፣ ብልጥ አለ፣ አስተዋይ አለ፣ ጮሌ አለ፣ ሊቅም አለ። ብልጡን ሰው ብልህ ነው ብንል የሚሰማን ሽማግሌ ይስቅብናል። ታዲያ ይኸ ሁሉ ዓይነት እንዴት ሆኖ በአንድ ቁጥር ሊጠቃለል በቃ? ነገሩ ታሪክ አለውና እንከተለው። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1904 የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስትር አንድ ኮሚሽን አቋቋመ። ጥያቄው የተወሰነ ነበር፤ በተራው ክፍል መከታተል ያቃታቸውና የተለየ እርዳታ የሚያሻቸው ልጆች እንዴት ይለዩ? የሥነ ልቡና ሊቁ አልፍሬድ ቢኔ ከሐኪሙ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ጥያቄዎች አቀረበ። ልብ በሉ፤ ፈተናው የታሰበው ልጁን ለመርዳት ነው። እንዲያውም ቢኔ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው የማሰብ ችሎታ እንደተፈጠረ ይቀራል የሚሉትን አጥብቆ ተቃወመ፤ በልምምድ ይዳብራል ባይ ነበር። በ1911 ሞተ።

መሣሪያው ግን ሌላ እጅ ገባ። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ስተርን የልጁን «የአእምሮ ዕድሜ» ለልደት ዕድሜው አካፈለ። በ1916 አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ውጤቱን በ100 አባዛና አይ ኪው የሚባለውን ቁጥር አስለመደ። ተርማን ችሎታ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው ብሎ ያምን ነበር። የቢኔ ማስጠንቀቂያ ተረሳ ማለት ነው።

አሜሪካ በ1917 ጦርነት ስትገባ ሮበርት የርክስና ባልደረቦቹ ወደ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ የሚሆን ወታደር ፈተኑ። ማንበብ ለሚችል አልፋ፣ ለማይችል ቤታ የተባለ ፈተና ነበረ። በቤታው ሥዕል ይቀርብና የጎደለውን ሙላ ይባላል። ከሥዕሎቹ አንዱ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ነው። እስቲ አስቡት! ትናንት ከሲሲሊ ገጠር በመርከብ የመጣ ገበሬ ቴኒስ የት አይቶ ያውቃል? በ1923 ካርል ብሪገም ይኸንኑ ውጤት ይዞ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት በዘራቸው ያንሳሉ ብሎ ጻፈ። በ1924 አሜሪካ እነዚያኑ ስደተኞች ክፉኛ የሚገድብ ሕግ አወጣች። ሕጉን ፈተናው ብቻ ወለደው አይባልም፤ ጥላቻው ከፈተናው በፊትም ነበረ። በ1930 ብሪገም መደምደሚያው ስሕተት እንደነበር ራሱ በጽሑፍ አመነ። በሩ ግን ተዘግቶ ነበር።

በ1931 እና በ1932 ደግሞ የሶቪየቱ ተመራማሪ አሌክሳንደር ሉሪያ ኡዝቤኪስታን ሄደ። ላልተማሩ ገበሬዎች መዶሻ፣ መጋዝ፣ መጥረቢያና ግንድ አሳይቶ የማይዛመደውን ለዩ አላቸው። እኛ ብንሆን «ግንዱ፤ ሌሎቹ መሣሪያ ናቸው» እንል ነበር። እነሱ ግን ሁሉም ይዛመዳሉ አሉ፤ ግንድ ከሌለ መጋዙ ምን ሊቆርጥ? ይኸ ከሥራ የተገኘ አስተሳሰብ ነው። ጥቂት የተማሩት እንደኛው ይመልሱ ነበር። እንግዲህ «ጭንቅላት» ከምንለው ውስጥ ስንቱ የጥቁር ሰሌዳ ልማድ ይሆን?

ሊቃውንቱም አልተስማሙም። ስፒርማን በ1904 ከሁሉም ችሎታ በስተጀርባ አንድ ጠቅላላ ችሎታ አለ አለ። ተርስተን በ1938 ሰባት ናቸው ብሎ ዘረዘረ። ጋርድነር በ1983 ሙዚቃን፣ የሰውነት ቅልጥፍናን፣ ሰውንና ራስን መረዳትን ጭምር እንደየራሳቸው ብልኅነት ቆጠረ። ተቺዎቹ ማስረጃው ሳሳ ይሉታል፤ በአንዱ ፈተና የቀናው በሌላውም ይቀናው ዘንድ ያዘነብላልና። ክርክሩ እንደቀጠለ ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የግቢውን በር ያስገባን ፈተና ነው፤ ስንቱን የክፍል ጓደኛችንን ደጅ ያስቀረውም ያው ፈተና ነው። ፈተና አይኑር ማለቴ አይደለም፤ ቦታው ጥቂት ሲሆን መምረጫ ያስፈልጋል። ሆኖም የጠየቀን በዚያ ቀን፣ በዚያ ወረቀት ላይ፣ ከተማርነው ምን ያህሉን እንደምንመልስ ብቻ ነው። ጥለቱን በቃሉ ቆጥሮ የሚያወጣውን ሸማኔ፣ ደም የተቃባውን የሚያስታርቀውን ሽማግሌ ችሎታ አልጠየቀም። ስለዚህ የወደቀውን ጓደኛችንን «ጭንቅላት የለውም» ከማለታችን በፊት የቢኔን ጥያቄ እናስቀድም፤ ምን ቢደረግለት ይማራል?