አጃይል፦ ቀልጣፋ የሶፍትዌር አሠራር

አጃይል ሶፍትዌርን በአጫጭር ዙሮች እየከፋፈሉ የመሥራት ዘዴ ነው። በየዙሩ የተሠራው ለተጠቃሚው ይቀርባል፤ በሚሰጠው አስተያየትም ይታረማል። በአማርኛ «ቀልጣፋ አሠራር» ቢባል ይስማማል፤ ቅልጥፍናው ግን መፍጠን ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚው ፍላጎት ሲለወጥ አብሮ መታጠፍ መቻል ነው። ስያሜው የጸናው እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ተሰብስበው መግለጫ ካወጡ በኋላ ነው። በዚህ ሥር ካሉት ዘዴዎች በሰፊው የሚሠራበት ስክረም ነው። የስክረም አንዱ ዙር ስፕሪንት ይባላል፤ ከአንድ ወር አይበልጥም። ቡድኑም በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል ተገናኝቶ ሥራው የት እንደደረሰ ይነጋገራል።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ የመመረቂያ ፕሮጀክት በተለምዶ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ፕሮፖዛል፣ ቀጥሎ የፍላጎት ትንተናና የዲዛይን ሰነድ፣ መጨረሻ ላይ ኮዱ። ይህ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ዘዴ ዋተርፎል ይባላል። ሰነዱ ያምራል፤ ይጠቀምበታል የተባለው ሰው ግን ሶፍትዌሩን የሚያየው፣ ካየውም፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ልዩነቱን ለማየት አሰላ ጥሩ ቦታ ናት። የአርሲ ደጋ ገበሬ የቢራ ገብሱን በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ለአሰላ ብቅል ፋብሪካ ያቀርባል። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ማኅበር የገብስ መረከቢያ መዝገብ ሊሠሩ ተነሡ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የገበሬውን ስምና የኩንታሉን ብዛት ብቻ የሚመዘግብ ገጽ ሠርተው መጋዘን ድረስ ይዘው ይሄዳሉ። የመጋዘን ሠራተኛው ይሞክረውና «እርጥበቱስ የት ይጻፋል? እርጥብ ገብስ እኮ አንረከብም» ይላቸዋል። የሚቀጥለው ዙር ሥራ በዚህች ጥያቄ ይወሰናል። ጥያቄዋ የመጣችው ተማሪዎቹ ፕሮጀክቱን በፈታኞች ፊት ለሚያቀርቡበት ዲፌንስ አንድ ሳምንት ሲቀር ቢሆን ኖሮ ዳታቤዙን አፍርሶ እንደገና መሥራት ይመጣ ነበር።

አጃይልን በክፍል ውስጥ ማስተማር አስቸጋሪ የሚሆነው በምዘናው ምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስፕሪንት ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተማሪው ቅሬታ ሰምቶ የለፋበትን ሥራ ለመለወጥ መድፈሩን ግን አይለካም። ይህ የሚታየው ነጥቡ ለየዙሩ ሲከፋፈልና መምህሩ በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር ሲያይ ብቻ ነው። ብዙ ቡድን ለሚያማክር መምህር ይህ ከባድ ሸክም ስለሆነ፣ የትምህርት ክፍሉ የማስተማር ጫናውን ሲያሰላ ሊቆጥርለት ይገባል።