የአንድ ቀን ሥራ ስንት ያወጣ ነበር? የቅጥር፣ የሥራ ሰዓትና የደመወዝ ታሪክ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ እንደሚጻፍ ይታወቃል። እኔ በበኩሌ ብዙ ስለማይጻፍለት ነገር፣ ማለትም ስለ ሰው ጉልበት ዋጋ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። በመስክ ሥራዬ ከአባላት ጋር ስነጋገር በተደጋጋሚ የሚነሣው ቅሬታ «ሠራተኛ ጠፋ» የሚል ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ልጆቻቸው «ሥራ ጠፋ» ይላሉ። በአንድ ቤት ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የሸቀጥ ዋጋ በየወሩ ይቆጠራል። የስታቲስቲክስ ሠራተኞች ገበያ ወጥተው የጤፉን፣ የሽንኩርቱንና የዘይቱን ዋጋ ይመዘግባሉ፤ ግሽበቱም በፐርሰንት ተሰልቶ በሬዲዮ ይነገረናል። የሰው ጉልበት ግን እንዲህ ያለ ወርኃዊ መዝገብ ኖሮት አያውቅም። በአሜሪካ መንግሥት በየወሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ አርብ፣ ስንት ሰው እንደተቀጠረ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራና በሰዓት ስንት እንደተከፈለው በየኢንዱስትሪው ለይቶ ያወጣል። የሚገርመው ግን ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው ያ የቅጥር ቁጥር «ከእርሻ ውጭ ያለ» የሚባለው መሆኑ ነው። የእርሻ ሠራተኛ እዚያም ከዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ከደቦ እስከ ፋብሪካ

በአካባቢያችን የጉልበት ዋጋ በገንዘብ የተለካው ዘግይቶ ነው። አዝመራው ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ጠሪው ምግቡንና ጠላውን ያቀርባል፣ የተጠራውም ቀን ሲደርስ በተራው ይጠራል። ወንፈል ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው፤ አንድ ቀን የሠራልህ ሰው አንድ ቀን ይቆጠርለታል። ስለዚህ ሂሳብ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ሂሳቡ በብር ሳይሆን በቀን ነበር። የሥራ ቀናቱ ቁጥርም በወሩ ሠላሳ አልነበረም። አቦ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ ባለ ወልድ፣ ከዚያም ሰንበቱ ሲቀነስ ማረሻ የሚነካበት ቀን ምን ያህል እንደሚያንስ ማንኛውም አባል በጣቱ ቆጥሮ ይደርስበታል።

ደመወዝ የሚባለው ነገር ወደ እኛ የመጣው በመንገዶቹ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ በመሆናቸው አዲስ አበባ የምትፈልገውን ወተት፣ ሣር፣ ማገዶና ድንጋይ ያቀርቡ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ በእንጦጦና በዙሪያው ሲስፋፋ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ከተማ የሚያወርዱ ሴቶች ሥራ ተፈጠረ። ይህ ሥራ ሰዓት የለውም፣ አሠሪ የለውም፣ በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ አይገኝም። ሆኖም የአዲስ አበባ ምጣድ ለብዙ አሥርት ዓመታት የጋለው በእነሱ ጀርባ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ሰበታ ላይ ሲመሠረት ከገበሬው ማሳ አጠገብ በሰዓት የሚገባ፣ በሰዓት የሚወጣና በወር የሚከፈለው ሰው መታየት ጀመረ። ጊዜው ለሠራተኛው ሕግ የወጣበትም ጊዜ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኛው ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር በኅብረት እንዲደራደር መብት ሰጠ። ይህ ሁሉ በተግባር የጠቀመው በብዛት የፋብሪካውን ሰው ነው። ጭሰኛው በዚያን ጊዜ ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ እርቦና ሲሶ ነበር የሚጨነቀው።

ቅጥር የተከለከለበት ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ሁሉም የሚያስታውሰው መሬት ላራሹ መሰጠቱን ነው። በዚያው አዋጅ ውስጥ ግን ብዙ ሰው የረሳው ነገር አለ፤ አርሶ አደሩ መሬቱን በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስ ተከልክሏል። ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት፣ በሽተኛ፣ ሽማግሌና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ብቻ ተፈቅዶላቸው ነበር። በአንድ አዋጅ የእርሻ ቀን ሠራተኛ የሚባለው ሙያ በሕግ ፊት ጠፋ ማለት ነው። በመስኩ ላይ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል፤ የአጨዳ ቀን የደረሰበት ገበሬ ዘመድ ነው እያለ ሰው ማስገባቱ አይቀርም።

ቀጥሎ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጡ፤ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚሉት ደረጃዎች በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን ዘንድ ዛሬም አይረሱም። በእነዚህ ማኅበራት የአባሉ ድርሻ የሚታወቀው በሥራ ነጥብ ነበር። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን አረሰ፣ ማን አረመ እየተባለ በየቀኑ ይመዘገባል። በእኔ እምነት የኢትዮጵያ ገበሬ የሥራ ቀን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ በጥብቅ ተጽፎ አያውቅም። ነገር ግን ነጥቡ ወደ እህልና ወደ ብር ሲለወጥ የሚደርሰው ድርሻ ብዙውን አባል አላረካም፤ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ቅጥሩም ሲፈቀድ ማኅበራቱ በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ከእነሱ ጋር መዝገቡም ጠፋ። ያ ዘመን የተወው ጥላቻ ኋላ በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 147 በአዲስ መልክ የተቋቋሙትን የእኛን ዓይነት ማኅበራት ለማደራጀት ምን ያህል እንዳስቸገረ መሥራቾቻችን ያውቁታል።

አበባና ጨርቅ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ እሱን የተካው 377/1996፣ አሁን የሚሠራበት 1156/2011፣ ሦስቱም መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርገው ወስነዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ሳምንት ግን 39 ሰዓት ነው። (የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳምንት ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ማታ በር የሚያንኳኳው አርሶ አደር ብቻ ነው።) የትርፍ ሰዓት ክፍያም ተሻሽሏል፤ በ377/1996 በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ከሩብ፣ ለሌሊቱ አንድ ተኩል የነበረው በ1156/2011 አንድ ተኩልና አንድ ከሦስት ሩብ ሆኗል። በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል መሆኑ አልተለወጠም። ልጆቻችሁ ፋብሪካ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ይወቁት።

በተፍኪ የተተከለው ጎልደን ሮዝ ከአገራችን የአበባ እርሻዎች ቀደምቱ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የልማት ባንክ ብድርና የግብር ዕፎይታ ሲታከልበት በሰበታ፣ በሆለታና በሱሉልታ መንገድ ፕላስቲክ የለበሱ ቤቶች በዙ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዓለም ገና ላይ ተመርቆ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀጠረ፤ ኋላ በብድሩ ምክንያት በኢትዮጵያ ልማት ባንክ እጅ መግባቱ ይታወሳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሰበታም ቡራዩም ወደ 49 ሺህ ሕዝብ ነበራቸው። ዛሬ ያን ቁጥር የሚጠራ ሰው ይሳቅበታል።

አሁን ወሮቹን እንመልከት፤ የ«ሠራተኛ ጠፋ» እና የ«ሥራ ጠፋ» ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። አርሶ አደሩ እጅ የሚያጥረው በሐምሌና በነሐሴ በአረም፣ ከዚያም በኅዳርና በታኅሣሥ በአጨዳ ነው። በሱሉልታ ሜዳ መስከረም ጠብቶ ሣሩ ሲደርስ ማጭድ ይዘው ከሩቅ የሚመጡ አጫጆች ካልተገኙ ሣሩ ቆሞ ይደርቃል፣ መኖነቱም ይቀንሳል። የአበባው ገበያ ግን የሚመራው በአውሮፓ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ፈረንጆቹ ለፍቅረኞች ቀን አበባ ስለሚገዙ ጥር ወር ትርፍ ሰዓት የሚበዛበት ነው፤ ያን ጊዜ ጎተራው ሞልቶ ውቂያው እያለቀ ስለሆነ የገበሬው ልጅ ቢሄድ ብዙ አይጎዳም። በክረምት ግን አውሮፓ በጋ ነውና የአበባ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ቋሚ ሠራተኛ በክረምትም ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ደመወዙ ቢያንስም በየወሩ የሚመጣ ነውና ለሃያ ቀን አረም ብሎ ጥሎት አይመጣም። የአርሶ አደሩ ሥራ ደግሞ ለሃያ ቀን ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ ለሦስት ወር ዝም ይላል። ከፋብሪካ የተረፈው ልጅ «ሥራ የለም» የሚለው በሚያዝያ ነው፣ አባቱ «ሰው የለም» የሚለው በነሐሴ ነው።

አበባውም ቢሆን አስተማማኝ እንዳልነበር በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። ኮሮና የአውሮፓን ገበያ በመጋቢት ሲዘጋ የተቆረጠ አበባ ገዢ አጥቶ ተጣለ፤ መንግሥትም በሚያዝያ ባወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሠራተኛ እንዳይቀነስ ከለከለ።

ቆጠራው የሚወድቅበት ወር

በአገር ደረጃ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የተካሄደው በመጋቢት 1991፣ በመጋቢት 1997፣ በሰኔ 2005 እና በየካቲት 2013 ዓ.ም. ነው። በከተሞች ከዚህ ቀረብ ቀረብ ብሎ ተጠንቷል። የ2005ቱ ጥናት ሥራ አጥነቱን በአገር ደረጃ 4.5 ፐርሰንት፣ በከተማ 16.5 ፐርሰንት አድርጎታል፤ የ2013ቱ ደግሞ 8 ፐርሰንትና 18.7 ፐርሰንት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ ሥራ አጡ በእጥፍ ሊደርስ ተቃረበ ይላል። ወሩን ያየ ገበሬ ግን መጠየቁ አይቀርም፤ ሰኔ ላይ ማን ሥራ ይፈታል? ሞፈር የያዘው፣ ጓል የሚሰብረው፣ ዘር የሚያቀብለው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በየካቲት ግን አውድማው ባዶ ነው። በዚያ ላይ የ2013ቱ ጥናት ኮሮና ካናጋው ዓመት በኋላ የተደረገና ትግራይን ያላካተተ ነው። ሥራ አጥነቱ አልጨመረም ለማለት አይደለም፤ በተለያየ ወር የተነሣ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል ለማለት ነው።

ጥናቱ ሌላም ነገር ያሳየናል። በእርሻ የሚተዳደረው ሠራተኛ ድርሻ በ1997 ዓ.ም. 80.2 ፐርሰንት የነበረው በ2005 ዓ.ም. ወደ 72.7 ፐርሰንት ወርዷል። በየዓመቱ የሚወጣው የፋብሪካዎች ጥናት ደግሞ የሚቆጥረው አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውንና በሞተር ኃይል የሚሠሩትን ነው። የቡራዩ ካባ ላይ ድንጋይ በመዶሻ የሚፈልጠው፣ አራት ሰው ያለው ወፍጮ ቤት፣ የወተት ሰብሳቢው፣ ጫኝና አውራጁ በዚህ ወንፊት ያልፋሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሲዋቀሩ ደግሞ በቀደመው ጥናት የገጠር ነዋሪ ተብሎ ሊቆጠር የሚችል ሰው ከማሳው ሳይንቀሳቀስ የከተማ ነዋሪ ሆኗል።

የዝቅተኛ ደመወዝን ነገር ካነሣን፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል። ለግሉ ዘርፍ ግን አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን እንዲወስን ቢያዝም፣ አዋጁ በወጣ በአምስት ዓመቱም ወለሉ አልተተመነም ነበር። የእኛ አካባቢ የቀን ሠራተኛ ዋጋ የሚቆረጠው ጠዋት መንገድ ዳር፣ «በምሳ ነው ያለ ምሳ?» በሚል ጥያቄ ነው። የምሳው ዋጋ በየዓመቱ ሲያድግ «ያለ ምሳ» የሚለው እየበዛ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አባል ካለ የካሣን ነገር ያስታውስ። በአዋጅ 455/1997 መሬቱ ለልማት የተወሰደበት አርሶ አደር የሚከፈለው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር፤ በ1161/2011 ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት። ሁለቱም ስሌት የሚነሣው ከገቢ ነው። ከዚያ ማሳ ላይ ባለቤቱ፣ ሚስቱና ልጆቹ በዓመት ስንት ቀን ሥራ ያገኙ እንደነበር የሚጠይቅ ቅጽ አላየሁም። ያ የሥራ ቀን በወረቀት ላይ ስላልነበረ ካሣው ሲያልቅ ቤተሰቡ በምን ሥራ እንደሚተዳደር ቀድሞ የታሰበበት አልነበረም።

መሠረታዊ ማኅበራት ለዚህ የሚሆን መረጃ ሳያውቁት ይዘዋል። በግንቦትና በሰኔ ማዳበሪያ ሲራገፍ ጫኝና አውራጅ የፈረመበት የክፍያ ሰነድ፣ የእህል ግዢ ሰሞን የከረጢት ሰፊዎችና የጥበቃዎች ፔይሮል፣ የወተት መረከቢያ ደብተር አሉ። ቀን፣ ስም፣ የብር መጠን አላቸው፤ የጎደላቸው የሰዓት ዓምድና «በምሳ» ወይም «ያለ ምሳ» የሚል ምልክት ብቻ ነው። ኦዲት የተደረገባቸውና ጊዜያቸው ያለፈ ሰነዶች በየመጋዘኑ ጥግ እየተከመሩ አይጥ እንደሚበላቸው አይቻለሁ። የዚህ ዓመት የዕቃ ቆጠራ ሲደረግ ከመወገዳቸው በፊት ቢያንስ የየወሩ የቀን ሠራተኛ ክፍያ በአንድ ደብተር ተለይቶ ቢገለበጥ፣ ለአንድ ማኅበር ጸሐፊ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው።